እግር የምታየው የሻረግ

የልጅነት እህትማማችነት ዕድሜ ልክ ይዘልቃል ይባላል። አይዘልቅም። ዕድሜ ልክ የሚዘልቀው ፎቶግራፉ ነው። እህትማማችነቱ አንዷ ስታገባ፣ ሌላዋ ስትዛወር፣ ሦስተኛዋ ስልክ ቁጥር ስትቀይር ቀስ ብሎ ያልቃል፤ ማንም ለቅሶ አይቀመጥለትም። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የምንሰበሰበው እንዳላለቀ ለመማማል ነው። ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ጥር በመጣ ቁጥር መካነ ሰላም ላይ አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው ከሚማማሉት አንዷ ነኝ። ቀሚሱ አለኝ፤ ጥልፉ ሰማያዊ ነው።

የሻረግ ሰኔ ላይ መሞቷን የሰማሁት በዘጠነኛው ቀን ነው። ስልክ ተቋርጦ ነበር። መስመሩ ሲመለስ አዲስ አበባ የደወለችልኝ የማኅበራችን ሰብሳቢ ሰብለ ናት። «ያቺ ሰው ወዳድ፣ ያቺ ፈገግታዋ የማይጠፋ እህታችን» እያለች አለቀሰች። አላቋረጥኳትም፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይታረምም። እዚህ ግን አርማለሁ። የሻረግ ሰው ወዳድ አልነበረችም። ሰው ያደክማት ነበር። ሰላምታ ያሰለቻት፣ ምስጋና ያስቆጣት ነበር። ፈገግታዋን በተመለከተ፣ በሠላሳ ምናምን ዓመት ውስጥ ስትስቅ ያየኋት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የኔን ጽሑፍ ጋዜጣ ላይ እያነበበች ነበር፤ ጽሑፎቹም ቀልድ አልነበረባቸውም።

የመሪጌታ ልጅ ናት። አባቷ ለተማሪዎቻቸው ዜማ ሲያስቀጽሉ እሷ ከጓሮ ልብስ እያሰጣች ትሰማለች፤ የሳተውን ተማሪ በስሙ ጠርታ «ወረድክ!» ትለዋለች። አባቷ ይቆጧታል፤ ልጁ ግን በእርግጥም ወርዶ ይገኛል። እንዲህ ዓይነት ልጅ ነበረች። ስህተት ካየች ማለፍ አይሆንላትም።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ያኔ የልጃገረዶች የአገልግሎት ክበብ ነበር። ስሙ ረጅም ቢሆንም ሥራው አንድ ነው፤ ቃሬዛ መሸከም። አምቡላንስ በአገሩ አልነበረም። ምጥ የጠናባትን ሴት ከገጠር ወደ ጤና ጣቢያ የሚያመጧት ወንዶች ናቸው፤ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ግን ወንድ ይጠፋል። ሲገኝም ሴትየዋ በጎረቤቷና በአማቿ ትከሻ ላይ ሆና ማቃሰት ስለምታፍር ጥርሷን ነክሳ ነው የምትመጣው። በጤና ጣቢያው የነበረች አንዲት አዋላጅ ነርስ ይህን አይታ፣ ከዘጠነኛና ከአሥረኛ ክፍል አሥራ ስድስት ሴቶች መረጠች። ሁለት ቃሬዛ ነበረን። ለአንዱ ቃሬዛ አራት ልጆች ይሸከማሉ፣ አራት ልጆች ደግሞ ለመቀየር ከጎን ከጎን ይሄዳሉ። ከተማው «የቃሬዛ ልጆች» ይለን ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ከከተማው በታች ያለውን ዳገት ስንወጣ፣ የፊት ግራውን እንጨት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ከጎኔ የምትሄደው ተቀያሪዬ ዘይነባ ናት፤ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ተጫዋች፣ ከሁላችንም አጭር።

«ደከመሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ አልደከመኝም።»

ጥቂት ቆይታ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ደግሜ ዋሸሁ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተንበረከክሁ። ቃሬዛው ወደ እኔ አዘነበለ፤ ሴትየዋ ጋቢዋን እንደጨበጠች ወደ ዳር ተንሸራተተች። ከኋላ ትመጣ የነበረችው የሻረግ እንዴት እንደደረሰች አላየሁም። ብቻ እንጨቱ ከትከሻዬ ላይ ተነሣ። ሴትየዋ አልወደቀችም፤ ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

የወላድ ዘመዶች ለእኛም ገንፎ ያቀርቡልን ነበር። ጤና ጣቢያው በር ላይ ገንፎውን ከብበን ተቀምጠን፣ የሻረግ አሁን ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ ዘይነባ ዞረች።

«ማን ጠይቂ አለሽ?»

«እና ምን ላድርግ? አልደከመኝም አለች! ወላሂ ሁለቴ ነው የጠየቅኳት።»

«የደከማት ሁሉ አልደከመኝም ነው የምትል። አፏን ምን ያደርግልሻል? እግሯን አታይም?»

«እሽ አንች የመሪጌታ ልጅ፣ ለእግሯ ስገጅላት በይኛ!»

«ስገጅላት። መጎተት ሲጀምር ግን ግቢ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጋችን ይህ ሆነ። ቃሬዛ መሬት አይነካም። የምትሸከም ልጅ ተቀያሪ አትጠራም። ከጎን የምትሄደዋም አትጠይቅም፤ እግር እግሯን ታያለች፣ መጎተት ሲጀምር ከእንጨቱ ሥር ትገባለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራን። አንዲትም ሴት አልጣልንም።

ሌሎቻችን ከትምህርት ቤት ስንወጣ ይህን ሕግ እንደ ደንብ ልብሳችን አውልቀን ሰቀልነው። የሻረግ ግን አላወለቀችውም። ከብዙ ዓመት በኋላ ሰብለ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታ በየጥሩ፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ፣ መገናኘት ስንጀምር፣ ሁላችንም ጉንጭ ለጉንጭ እየተሳሳምን «ደህና ነሽ? ልጆች ደህና? አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን» ስንባባል የሻረግ ዳር ቆማ እንደ ሊስትሮ ጫማ ጫማችንን ታያለች። እኛ እንስቅባት ነበር።

አንድ ጥር ላይ እንዲሁ ስንሳሳም ደህና ነኝ ብዬ ተመለስኩ። እናቴ አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ ታማ ተኝታ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። የካቲት እንደገባ በሬ ተንኳኳ። የሻረግ ናት፤ በፌስታል አንድ ነጠላና አንድ መቀስ ይዛለች።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ጫማሽን አየሁት። ተረከዙ ባንድ ወገን አልቋል፤ ሰው ደግፈሽ የምትሄጂ ነሽ። እናትሽ ወዴት ናት?»

አሥራ ሰባት ቀን ተቀመጠች። እናቴን አጠበቻት፣ አገላበጠቻት፣ አጎረሰቻት። እኔን «ሂጅ ተኝ» አለችኝ። ወጥ ቤቴን ሰደበችው፤ መጽሐፎቼን «አቧራ ለመሰብሰብ ይህን ያህል ወረቀት ለምን አስፈለገሽ?» አለቻቸው። እናቴ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ሄደች። አውቶቡስ ተራ ላይ ላመሰግናት ስጀምር ፊቷን አዞረች። «ተይ። ወጉን ጋዜጣሽ ላይ አውጭው» አለችኝ። አላወጣሁትም።

ዘይነባን ስትሮክ የመታት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ግራ ጎኗ አይታዘዛትም። ባሏ ከዚያ በፊት ሞቷል፤ ልጅ የላትም፤ አንድ ወንድሟ ወረኢሉ ነው፣ እሱም ዓይኑ ደክሞ መሪ የሚፈልግ ሆኗል። የሻረግ የተማሪዎች ደንብ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋን በጋሪ ጭና ዘይነባ ቤት ገባች፤ መኪናውን ከአልጋው ትይዩ አቆመችው። ማንንም አላማከረችም። ዘይነባን በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣታለች፤ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ውዱእ ታስደርጋትና ፊቷን ወደ ቂብላ ታዞርላታለች። ራሷ ግን የመሪጌታ ልጅ ሆና ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሴ አላስቀደሰችም፤ ቅዳሴ ከሁለት ሰዓት ይበልጣልና። እሁድ እሁድ እስከ ቅጥሩ በር ሄዳ፣ ጥቂት ሰምታ፣ ተሳልማ ትመለሳለች።

እኛስ? እኛ እናጨበጭብላት ነበር። በየጥሩ ሰብለ ተነሥታ «የእህትማማችነታችን ተምሳሌት» ትላለች፤ አዳራሹ ይናወጣል። አንድ ዓመት በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ሰጠናት። በሚቀጥለው ዓመት እነሱ ቤት ስሄድ መስታወቱን አውጥታ ለተሰበረው መስኮት አውላዋለች። ወረቀቱን የት እንዳደረገችው አልጠየቅኩም።

የመጨረሻው መገናኛ ባለፈው ጥር ነበር። መንገዱ ተከፍቶ ስለነበር አሥራ አንድ ሆነን መጣን። እንደወትሮው የቀረበው ገንፎ ነው፤ ያኔ በጤና ጣቢያው በር የበላነውን ለማስታወስም፣ ለክርስቲያኑና ለእስላሙ ለየብቻ ከማረድ ለመዳንም። ሰብለ ከደሴ ፎቶ አንሺ አምጥታለች። ፎቶ አንሺው ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ቃሬዛ አስወጣና አበባ ነሰነሰበት።

«እናቶቼ፣ እንደ ድሮው ተሸከሙልኝ! ፈገግ በሉ!»

አራት ሴቶች ተመረጡ፤ የሻረግ በፊት ግራ በኩል ገባች። ሌሎቻችን ከጎን ከጎን ቆምን። «ትንሽ ወደፊት ተራመዱ» አለ። ተራመድን። «ተመለሱና እንደገና» አለ። ተመለስን። አምስት ጊዜ ይሆናል እንዲህ ባዶ ቃሬዛ ተሸክመን ስንንጎራደድ የቆየነው። የክብደት ነገር ቢሆን አንዲት ሴት በአንድ እጇ ትይዘው ነበር። እየሳቅን፣ ሁላችንም ካሜራውን እያየን ነበር።

ፎቶው አሁን ፊቴ አለ። የሻረግ በግራ እግሯ ያደረገችው ሸራ ጫማ ከላይ በመቀስ ተቀዷል፤ በቀዳዳው ነጭ ካልሲ ይታያል፤ ካልሲው ነጭ ብቻ አይደለም። እግሯ አልተነሣም። አፈሩ ላይ የጎተተው መስመር ሳይቀር ይታያል።

ይህን ፎቶው ላይ ነው ያየሁት ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። የሰብለ ንግግር ሳያልቅ የሻረግ ዘይነባን ለማገላበጥ ተነሣች፤ ለእሷ የሚሆን ገንፎ በሳህን ሸፈንኩላትና እስከ በሩ ሸኘኋት። ቀድማኝ ትሄድ ነበር። እግሯን አየሁት። ጫማውን አየሁት። ምን እንደሆነም ገባኝ፤ የማይገባኝ ሴት አይደለሁም። በሩ ጋ ቆመችና ዞራ ፊቴን አየችው።

«ደህና ነሽ የሻረግ?» አልኳት።

«ተመስገን። አብሽሪ» አለችኝ።

ያን ጥያቄ የጠየቅኳት መልሱን ስለማውቀው ነው። ደህና ነኝ እንድትለኝና እንድሄድ። ወደ ደሴ የሚመልሰን ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋ ነበር፤ ከደሴም የአውሮፕላን ቲኬት ነበረኝ፤ የሚጠብቀኝ ጽሑፍም ነበር። ስለምን እንደነበር አላስታውስም።

ለአርባዋ መካነ ሰላም ደረስኩ። ከቤተ ክርስቲያን በፊት ዘይነባ ቤት ሄድኩ። እስከዚያ ቀን ያቆየቻት ጎረቤቷ ወጥታ ነበር። የስፌት መኪናው ከአልጋው ትይዩ እንዳለ ነው፤ አንድ እጅጌው ያልተገጠመ ሰማያዊ ሸሚዝ ከመርፌው ሥር ተይዟል።

«መጣሽ?» አለችኝ ዘይነባ።

«መጣሁ ዘይኑ። አብሽሪ።»

«አብሽሪውን ተይውና አገላብጭኝ። ሰዓቱ አልፏል።»

ሞከርኩ። «ኧረ ቀስ! ጆንያ አደረግሽኝ እኮ! ጉልበቴን እጠፊው መጀመሪያ። እንዲያ። አሁን ዳሌየን ሳቢ። አየ አንች፣ የተማርሽው ሁሉ የት ገባ?» እያለች አስተማረችኝ። ሲያልቅ ሁለታችንም አልቦን ነበር። ከዚያ በዓይኗ መኪናውን አሳየችኝ።

«መሳቢያው ውስጥ ወረቀት አለ። አውጭው።»

የሪፈር ወረቀት ነው። የሻረግ ደሴ ሄዳ እንድትታከም የተጻፈላት። ቀኑ የታኅሣሥ ነው። እኛ ጥር ላይ ባዶ ቃሬዛ ተሸክመን ስንሳሳቅ ወረቀቱ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

«ስኳር ነው» አለች ዘይነባ። «እግሯ ቆስሎ አልድን አለ። ሦስት ሳምንት ትተኝያለሽ አሏት። ዘይነባን ማን ያገላብጣታል አለችና መጣች።»

«ለምን አልነገረችንም? አንድ ቃል ብትጽፍ...»

«ያችን ሴት አታውቂያትም? እኔ በየቀኑ ለምኛታለሁ። ጥር ላይ ይመጣሉ፣ እግሬን ያያሉ ነበር የምትለኝ። ወላሂ ዒድ እንደሚጠብቅ ልጅ ነው የጠበቀቻችሁ። ሌላ ሰፊ ጫማ ነበራት እኮ፤ ምንም የማያሳይ። ያንን ትታ ይኸኛውን በመቀስ ቀደደችው። እንድታዩት።»

ዘይነባ ጣራውን እያየች ቀጠለች።

«ስትመለስ ገንፎውን አጎረሰችኝ። ከዚያ መኪናው ላይ ተቀመጠች። ፔዳሉን ስትረግጥ እሰማለሁ፤ ይቆራረጣል። በየቀኑ ይብስ ነበር። እኔ ተኝቼ የሰማሁትን እናንተ ቆማችሁ አላያችሁትም?»

«አይቼዋለሁ» አልኩ።

«አውቃለሁ። አንዷ አይታኛለች አለችኝ። ማን እንደሆነች አልነገረችኝም።»

«ሌላስ ምን አለች?»

«ሚኒባስ ይዟት ነው፣ ትመለሳለች አለች።»

ከጥር እስከ ሰኔ አምስት ወር ነው። ትመለሳለች ብላ አምስት ወር ጠበቀችኝ። ስለእሷ ብዙ የሚነገር ነገር አለ፤ ይህ ግን ሁሉንም ያስረሳኛል። ራሷ ያወጣችውን ሕግ አፍርሳ አንድ ጊዜ ብትጣራ ምናልባት ዛሬ ትሰድበኝ ነበር። ግትርነት ነው ልላት ሞክሬያለሁ፤ ግትር ነበረች። ነገር ግን በዚያ ዳገት ላይ አንዲትም ሴት ያልወደቀችው ሁላችንም ያንን ሕግ ስለያዝን ነው፤ እሷ ደግሞ እንደያዝነው አመነች። የሳተችው እዚህ ላይ ነው። እኛን አመነች።

ከተዝካሩ በኋላ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ሰብለ ስለ መታሰቢያ ሐውልት አነሣች፤ በቃሬዛ ቅርጽ ቢሆን አለች አንዷ። መጽሔት ይውጣ አለች ሌላዋ፤ «አንቺ ደግሞ የሚያጽናና ነገር ትጽፊያለሽ» አሉኝ። ተነሥቼ የሪፈሩን ወረቀት ከነቀኑ አነበብኩላቸው። ከዚያ በሩ ላይ ያየሁትንና ያልኩትን ነገርኳቸው። ተለቀሰ፤ እውነተኛ ለቅሶ ነበር፣ አልዋሽም። ለቅሶው ሲበርድ «ዘይነባ አሁን ማን ሥር ናት? ወር ወር እንካፈል» አልኩ።

ነሐሴን መጀመሪያ የወሰደችው ሰብለ ናት። ንግግር ብቻ ናት ብዬ የኖርኩባት ሴት ነሐሴን ከነጳጉሜው፣ ዝናቡ ጣራውን እያፈሰሰባት፣ አንድም ፎቶ ሳትለጥፍ ጨረሰችው። አፌን አስያዘችኝ። መስከረምና ጥቅምትን ሁለት ሴቶች ያዙ። ኅዳርና ታኅሣሥ የኔ ናቸው። ጥርን አራት ሴቶች ተሻሙት፤ መገናኛው አለበትና። የካቲት ላይ ስንደርስ ሁሉም ስልኩን ማየት ጀመረ።

ይህን የምጽፈው የስፌት መኪናው ላይ ተደግፌ ነው። ኅዳር እየተጋመሰ ነው፤ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ዘይነባ ከአልጋዋ ላይ ሆና «ምን ጻፍሽ? አንብቢልኝ» ትላለች፤ ሳነብላት «እኔን አጭር አልሽኝ? አውፍ አልልሽም!» ትላለች። ጠዋት ወደ ቂብላ ሳዞራት አሁን ጆንያ አትለኝም። ሸሚዙን ከመርፌው ሥር አላነሣሁትም።

የሚያጽናና እንዲሆን ታዝዤ ነበር፤ አልሆነም። እንግዲህ ይህን እያነበብሽ ያለሽው፣ ከአሥራ ስድስቱ ሁኚ አትሁኚ ግድ የለኝም። ሰማያዊ ጥልፍ ያለው ቀሚስ አልጠይቅሽም። ደውለሽ ደህና ነሽ ወይ አትበይኝ፤ ደህና ነኝ ነው የምልሽ። የካቲት ባዶ ነው። ነይና ግቢ።